የቅዳሜው ትዕዛዝ

የክሱ ደብዳቤ የመጣ ቀን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ኋላ ላይ ደግ ሰው መስዬ ብታይ እንዳትሸወዱ።

ደብዳቤው ለእኔ አልነበረም የመጣው፤ ለዶክተር ማሬ ነው። ማሬ ስሟ አይደለም። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌም ይሁን የአራት ዓመት ሕፃን፣ ሕመምተኛውን ሁሉ «ማሬ፣ የቱ ጋ ነው ሕመሙ?» እያለች ስለምትጠይቅ ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ዳይሬክተሩ በዚሁ ይጠሯታል። ለእኔም ቅጽል ስም አውጥተውልኛል፤ «ቶሎ» ነው የሚሉኝ። ቶሎ በል፣ ቶሎ ተናገር፣ ቶሎ አውልቅ ስለምል ነው አሉ። ሁለታችንም የአጥንት ሐኪሞች ነን። አንድ ኮሪደር፣ አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍልና አንድ የተጣመመ የሻይ ማፍያ እንጋራለን። በትምህርት በሁለት ዓመት እቀድማታለሁ፤ በእጅ ሥራም አትበልጠኝም፤ ይህን እሷም አትክድም። ግን ጠዋት ደጃፍ ላይ የተሰለፈው ሰው ተራው ደርሶ የእኔ በር ሲከፈትለት «እኔ እንኳ ዶክተር ማሬን ነበር» ይልና ቁጥሩን ከኋላው ላለው ይለቃል። ይህ ነገር አሥራ አራት ዓመት ሆነው። እኔ ብሰብር ብጠግን እጄ አመድ አፋሽ ነው።

ሌላው ይቅር፣ የገዛ እናቴ። ጉልበቷን ሲያማት፣ ልጇ የአጥንት ሐኪም ሆኖ ሳለ፣ ከእኔ ተደብቃ ማሬ ዘንድ ካርድ አወጣች። ደርሼባት ብጠይቃት እፍረት የሚባል ነገር የለም። «አንተማ ልጄ ነህ፤ ሐኪም ሲያስፈልገኝ ወደ እሷ እሄዳለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ የሆስፒታሉ ነገረ ፈጅ ቡናማ ፖስታ ይዛ ኮሪደራችን ላይ ብቅ ስትል፣ ፖስታውም የማሬ መሆኑን ሳይ፣ ምን እንደተሰማኝ ፍረዱ። በመጨረሻ አንድ ሰው በዚህች ሴት ላይ የሚለው ነገር ተገኘ አልኩ። ይህ ደስታዬ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም።

ነገረ ፈጇ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። የክፍሉን ሰው ሁሉ ሰብስባ ደብዳቤውን አነበበችልን። ከሳሹ ልብስ ሰፊ ነው። ከአምስት ወር በፊት ከመሰላል ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰበረና ዓርብ ዕለት መጣ፤ ማሬ አጥንቱን አስተካክላ ጀሶ አሰረችለትና አስተኛችው። ጀሶው ውስጥ ክንዱ አበጠ። ቅዳሜና እሁድ ሙሉ አመመኝ እያለ ማንም ጀሶውን አልከፈተለትም። ሰኞ ሲከፈት ሥጋው ደም አጥቶ ሞቷል። አሁን የቀኝ እጁ ጣቶች ታጥፈው ቀርተዋል፤ መርፌ መያዝ ቀርቶ የራሱን ሸሚዝ መቆለፍ አይችልም። ካሳ እንዲከፈለውና የሐኪሟ የሙያ ፈቃድ እንዲነጠቅ ይጠይቃል።

ከዚያ ምን ማድረግ እንዳለብንና እንደሌለብን ነገረችን። ካርዱን ማንም እንዳይነካ፤ የረሳችሁት ነገር ቢኖር እንኳ አሮጌው ገጽ ላይ አንዲት ነጥብ እንዳትጨምሩ፤ ሰው የሚጠፋው በስህተቱ ሳይሆን ስህተቱን ሊያቃና ሲል ነው አለች። ሕመምተኛውን ደውላችሁ እንዳታባብሉ፣ እንዳታስፈራሩም። ኮሪደር ላይ አታውሩት። የምታውቁት ነገር ካለ ወደ እኔ ኑና ያያችሁትንና ያደረጋችሁትን ብቻ ጻፉ፤ ያላያችሁትን አትጻፉ፤ ሌላ ሰው ላይም አትፍረዱ። ማሬ ፊት ለፊት ተቀምጣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ትሰማለች። አላለቀሰችም፣ ማንንም አላየችም። እኔንም አላየችኝም።

እኔ ግን «ቅዳሜ» የሚለውን ቃል ስሰማ ዓይኔን ግድግዳው ላይ ወዳለው የተራ ሰሌዳ ወረወርኩ።

ቅዳሜውን ልንገራችሁ። በተራ ሰሌዳው ላይ የዚያን ሳምንት ተረኛ ማሬ ነበረች። ቅዳሜ ልጇ ከትምህርት ቤት የምትመረቅበት ቀን ስለሆነ ሐሙስ ዕለት ኮሪደር ላይ አስቁማ ተራ እንድንቀያየር ለመነችኝና እሺ አልኳት። ወረቀት አልሞላንም። በእኛ ቤት ተራ የሚቀየረው በአፍ ነው፤ ቅጹ መኖሩስ አለ፣ መሳቢያ ውስጥ እንደተኛ ቢጫ ሆኗል። መድኃኒትም አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው በአፍ ነው። ሐኪሙ ይናገራል፤ ነርሷ ካርዱ ላይ «በቃል የታዘዘ» ብላ ትጽፋለች፤ አጠገቡ ያለችው የፊርማ ሳጥን ባዶዋን ትቀመጥና ሐኪሙ ሲመቸው ይፈርምባታል። እኔ የሚመቸኝ ቀን ጥቂት ነው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነርሷ ጠራችኝ። ልብስ ሰፊው ሕመሙ እየባሰበት ነው፣ መርፌውም አልያዘለትም፣ ጣቶቹ አብጠዋል አለችኝ። ሄድኩ። አልሄደም እንዳትሉኝ፤ ሄጃለሁ። አልጋው ግርጌ ቆምኩ። ጣቶቹ ከጀሶው ጫፍ ብቅ ብለው ተወጥረዋል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ጀሶ የታሰረ ሰው ሕመሙ ከልክ ካለፈ ጀሶው ወዲያው ይቀደዳል። መቁረጫው ኮሪደሩ መጨረሻ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ሰውየው ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ከዚያ ከኋላዬ ያለውን በር አየ።

«ዶክተር ማሬ አትመጣም?» አለ።

እስከ ሰኞ እንደሌለች ነገርኩት።

«እንግዲያ እሷን ልጠብቃት። እርስዎን ምን አስቸገርኩ።»

እንዲህ ያለ ጨዋ ንግግር ከሌላ ሰው አፍ ወጥቶ ቢሆን ባልከፋኝ። እዚያ ቦታ ግን፣ ከዘገየ ምሳዬ ተነስቼ መጥቼ፣ አልጋው አጠገብ ቆሜ እያለሁ፣ ሰውየው የሌለችውን ሴት በር በሩን እያየ ሲጠብቅ ዓይኔ ደም ለበሰ። «ይጠብቃት እንግዲህ» አልኩ፤ ለእሱ እንኳ አይደለም፣ ለነርሷ። ማስታገሻውን ጨምሪለት ብዬ በአፍ አዘዝኩና ወጣሁ። ሰዓቴን ሳይ ሁለት ደቂቃ አልሞላሁም። እሁድ ጠዋት ነርሷ ስልክ ደወለችልኝ፤ ድገሚለት አልኳት። ሰኞ ጠዋት ማሬ የመንገድ ካፖርቷን ሳታወልቅ ጀሶውን በገዛ እጇ ቀደደችው። ረፍዶ ነበር።

ይኸው ነው። ያቺ ነርስ ከሦስት ወር በፊት ሥራ ለቃ ባሏን ተከትላ ሌላ አገር ገብታለች። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እኔና ማሬ።

ከሁለት ቀን በኋላ ዳይሬክተሩ አስጠራኝና በክፍሉ አንጋፋው ሐኪም አንተ ነህና የሙያ አስተያየትህን ጻፍልን አለኝ። እዚያው «ይህን መጻፍ ለእኔ አይገባም» ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ። ነገረ ፈጇ የካርዱን ቅጂ ስትሰጠኝ ፊቴን ትንሽ ቆየት ብላ አየችው፤ ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ገጹን ገለጥኩ። ባዶ ሳጥኔን ነበር የምፈልገው። አጣሁት። «ቅዳሜ፣ 9:10፣ በቃል የታዘዘ» ከሚለው አጠገብ የማሬ ፊርማ ተቀምጧል፤ ከእሁዱም አጠገብ እንዲሁ።

ለምን እንደፈረመች ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም። ያልተፈረመ ትዕዛዝ ከተገኘ የምትቀጣው ነርሷ ናት፤ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መርፌ ወጋች ትባላለች። ስለዚህ ማሬ ሰኞ ሰኞ ካርዶቿን ስታገላብጥ ባዶ ሳጥን ካየች ማን አዘዘው ሳትል ትፈርማለች። እኔም አንዳንዴ አደርገዋለሁ፤ ሁላችንም እናደርገዋለን፤ በእኛ ዘንድ ነውርም ጥፋትም ሳይሆን ደግነት ነው። ፍርድ ቤት ግን የሚያነበው ወረቀት ነው። በሰሌዳው ተረኛዋ ማሬ፣ በካርዱ ያዘዘችው ማሬ፣ ጀሶውን ያሰረችው ማሬ። እኔ የትም የለሁም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ከራስ በላይ ነፋስ አልኩና እስክሪብቶ አነሳሁ። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። እጄ እንደዚያን ቀን ፈጥኖ አያውቅም። ተረኛዋ ሐኪም የሕመምተኛውን ጣቶች ቀርባ ማየት እንደነበረባት፣ አይታም ከሆነ ጀሶውን አለመክፈቷ በማንኛውም መመዘኛ ይቅር የማይባል ቸልተኝነት መሆኑን፣ የማስታገሻ መጠን መጨመር ሕመሙን ሳይሆን አቤቱታውን ዝም ማሰኘት መሆኑን ጻፍኩ። ሳነበው አማረኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት እንዲህ ነው። ከሥሩ ለመፈረም ስል ግን እጄ እንቢ አለና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በዚያ ሳምንት ኮሪደሩ የለቅሶ ቤት መሰለ። የጽዳት ሠራተኛዋ የማሬን በር በቀን ሦስት ጊዜ ትወለውላለች። የድሮ ሕመምተኞች ድጋፍ የሚሰጥ ደብዳቤ አዘጋጅተው እየዞሩ ያስፈርማሉ፤ አንዱ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እኔንም አስፈረመኝ። ይባስ ብሎ የልብስ ሰፊው ሚስት ወረቀት ልታስገባ መጥታ ማሬን ኮሪደር ላይ አገኘቻት። በሬ ገርበብ ብሎ ነበርና አየኋቸው። ትጮህባታለች ብዬ ጠበቅኩ። ሴትየዋ እጇን ያዘቻትና ክሱ የባሏ ወንድም ግፊት እንደሆነ፣ ባሏም የተስማማው ልጆቹ ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ ብሎ እንጂ እሷን ጠልቶ እንዳልሆነ አንገቷን ደፍታ ነገረቻት። ማሬ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ እንደታዘዘችው። ትንሿ ልጅሽ ትምህርት ጀመረች ወይ ብቻ ብላ ጠየቀቻት።

እዚያ በር ጀርባ ቆሜ የተሰማኝን ብናገር ታዝናላችሁ። ተከሳ እንኳ ትወደዳለች። እኔን ስንቱ ሰው ሳይከሰኝ ጠልቶኛል።

እሁድ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኛል። ጉልበቷ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ ተቀምጣ ልክ የእኔ እህት የተከሰሰች ይመስል ታለቃቅሳለች። እንደ ወንድም ቁምላት አለችኝ፤ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ቃልህ ይሰማል አለች። ራሴን ነቀነቅኩ።

«እሷ እኮ የሰው ሕመም አትችልም» አለች እናቴ። «ሰው እያቃሰተ ጥላው አትሄድም። የዛን ቀን ሌላ ሰው ነው የነበረው። ማን ይሆን አንጀተ ደረቁ?»

ወሬ ለመቀየር ጉልበትሽ እንዴት ነው አልኳት። የሰጠችኝን ሻይ ግን መጨረስ አቃተኝ።

ማክሰኞ ማሬ ቢሮዬ መጣች። ምርመራው እስኪያልቅ ሕመምተኛ እንዳታይ ታግዳለች። በሩን ዘግታ አልተቀመጠችም።

«ስለ ጉዳዩ እንዳንነጋገር ተብለናል» አለችኝ። «ስለ እሱ አይደለም የመጣሁት። ሕመምተኞቼን ላስረክብህ ነው።»

የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ሰባት አልጋ። በስብራታቸው ፈንታ ጠባያቸውን ነው የጻፈችው። ሦስተኛው አልጋ መርፌ ስለሚፈራ አስቀድመህ ንገረው። አምስተኛዋ በግራ ጆሮዋ ስለማትሰማ በቀኟ በኩል ቁም። ሰባተኛው ሾፌር ነው፤ ትናንት እግሩ ላይ ጀሶ ታስሮለታል፤ ሲያመው አይናገርም፣ ጣቶቹን አንተው እያቸው።

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር እኔን ለመንካት የተጻፈች መስላኝ ቀና ብዬ ፊቷን ፈለግኩ። ለመንካት አልነበረም። ማሬ የሰው ቁስል ላይ እንጨት የምትሰድ ሴት አይደለችም፤ እሱም ነው የሚያበሽቀኝ።

«ከአንተ ሌላ እጁን የማምነው ሰው የለኝም» አለችኝና ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ አሥራ አራት ዓመት የተመኘሁት ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። የማሬ ሕመምተኞች የእኔ ሆኑ። በነጋታው ጠዋት ነጭ ጋውኔን አስተካክዬ ገባሁ። አንደኛው አልጋ፣ «ዶክተር ማሬ አትመጣም?» ሁለተኛው፣ «ዶክተር ማሬ ደህና ናት?» ሦስተኛው መርፌውን አይቶ ሳይሆን እኔን አይቶ ደነገጠ። አምስተኛዋ በቀኟ በኩል ብቆምላትም ማሬ የት ሄደች ብላ ጮክ ብላ ጠየቀችኝ፤ ክፍሉ ሁሉ ሰማ። ጥርሴን ነክሼ ለሁሉም መለስኩ። ሰባተኛው አልጋ ስደርስ ትዕግሥቴ አልቋል።

ሾፌሩ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ደህና ነኝ አለኝ። ከዚያ ከኋላዬ ያለውን በር አየ።

«ዶክተር ማሬ አትመጣም?»

ሰዓቴን ለማየት እጄን አነሳሁ። በልማድ ነው። እጄ አየር ላይ እንዳለ ዓይኔ ጣቶቹ ላይ አረፈ። አብጠዋል። ነካኋቸው፤ ቀዝቅዘዋል። ትንሿን ጣት ወደ ላይ ሳደርጋት ያ አይናገርም የተባለው ሰው ጮኸ።

ነርስ አልጠራሁም። ራሴ ሮጬ መቁረጫውን ከግድግዳው አወረድኩት። ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በሁለት በኩል ቀደድኩት፤ የጀሶው ዱቄት ፀጉሬ ውስጥ ገባ። ከዚያ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ጣቶቹን ይዤ ጠበቅኩ፤ ቀስ በቀስ ሞቁ፣ ቀስ በቀስ ቀሉ። ሾፌሩ ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

«ቀለለኝ» አለ። «ለዶክተር ማሬ ደህና ነው ይበሉልኝ፤ እንዳትጨነቅ።»

ቀናሁ። እግሩን አትርፌለት፣ ዱቄት ለብሼ እግሩ ሥር ተቀምጬ፣ ምስጋናው እንኳ ወደ እሷ ሄደ። ግን ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለው ትልቅ ሰዓት ጋር ተገጣጠመ። መቁረጫውን ላወርድ ከሮጥኩ ጀምሮ አሥር ደቂቃ ነው ያለፈው። የአንድ ሰው የመተዳደሪያ እጅ የጠፋው በአሥር ደቂቃ ነበር፤ ያቺን አሥር ደቂቃ የነፈግኩት ደግሞ ጊዜ አጥቼ ሳይሆን ቀንቼ ነው። ተነስቼ መውጣት አልቻልኩም። ሾፌሩ፣ የደከመኝ መስሎት፣ ብርድ ልብሱን ሰብሰብ አድርጎ ቦታ ሰጠኝ።

ልብሴን ሳላራግፍ ከመሳቢያዬ ሦስቱን ገጽ አወጣሁና ነገረ ፈጇ ዘንድ ወረድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት።

«አስተያየቴ ይኸው» አልኳት። «የጻፍኩት ሁሉ ልክ ነው። ተረኛዋ የሚለውን ብቻ ተረኛው በይው። እኔ ነኝ።»

አልደነገጠችም። ፋይሏን ከፍታ የማሬን የጽሑፍ መልስ አወጣችና አንዲት አንቀጽ በጣቷ አሳየችኝ። ፊርማው የእኔ ነው፣ ትዕዛዙ ግን የእኔ አይደለም ይላል፤ ማን እንዳዘዘው ሳይጻፍ መፈረሜ ስህተት ነው፣ ተራ ስቀይር በወረቀት አለማድረጌም ስህተት ነው፤ በዚያ ቅዳሜና እሁድ አልነበርኩምና የሆነውን መጻፍ አልችልም። እዚያ ላይ ያቆማል።

«ማን ነበር እያልኩ ስንት ጊዜ ጠየቅኳት» አለች ነገረ ፈጇ። «ያዘዘው ሰው ራሱ መጻፍ ይችላል ነው መልሷ። በሰው ላይ አትፍረዱ ብዬ ያስተማርኩበት ምላሴ ይቆረጥ።»

ስትጠብቀኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ያ ቆየት ብሎ ፊቴን ያየው ዓይኗ ትዝ አለኝ።

አሮጌውን ካርድ እንዳልነካ ደግማ አስጠነቀቀችኝና ንጹሕ ወረቀት ሰጠችኝ፤ የዛሬን ቀን ጽፌ ያየሁትንና ያደረግሁትን ብቻ እንዳሰፍር። ፈቃዴን ላጣ እንደምችል ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። ጻፍኩ። ጣቶቹ አብጠው እንዳየሁ፣ እንዳልነካኋቸው፣ በቃል እንዳዘዝኩ ጻፍኩ። «ይጠብቃት እንግዲህ» ያልኩትንም ጻፍኩ። ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም አለችኝ። ጀሶውን ለምን እንዳልከፈትኩ ከሆነ ሌላ ምክንያት የለኝም አልኳት።

ሁለቱ ወገኖች የተገናኙት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የስብሰባ ክፍሉ መስኮቶቹ አይከፈቱም፤ ጠረጴዛው ላይ ማንም ያልጠጣው ውሃ አለ። ልብስ ሰፊው ከሚስቱ፣ ከወንድሙና ከጠበቃቸው ጋር ገባ። ቀኝ እጁን የኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶታል። ኮቱ በልኩ የተሰፋ ነው፤ የራሱ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። ከመቀመጡ በፊት ማሬ ወዳለችበት ዞሮ ግራ እጁን ዘረጋላት፤ እሷም ተነስታ በሁለት እጇ ያዘችው። ጉዴን ልደብቅ አልችልም፤ ያኔም ቀናሁ።

የጻፍኩትን ራሴ አነበብኩ። ድምፄ እንደ ልማዴ ሊሮጥ ሲል እየያዝኩ ቀስ ብዬ አነበብኩት። «ይጠብቃት እንግዲህ» የሚለው ላይ ስደርስ ወንድምየው ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፤ ሚስትየዋ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኩ። ልብስ ሰፊው ለረጅም ጊዜ አየኝ። ስድቡን ተዘጋጅቼ ጠበቅኩ፤ ስድብ እንኳ ቢሆን ማሬ የማትካፈለኝ የእኔ ብቻ ነገር ይሆን ነበር።

«ይቅርታ ዶክተር፣ አላስታውስዎትም» አለ።

ጠበቃው ወደ እሱ ዞረ።

«ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው እንደ መጣ ትዝ ይለኛል» አለ። «መልኩን አላየሁም። በሩን ነበር የማየው፤ እሷ ትመጣለች ብዬ።»

ይህን ሰው አሥራ አራት ዓመት ካጠራቀምኩት ቂም ጋር አንድ ላይ አድርጌ እጁን አሳጣሁት፤ እሱ ደግሞ የናቀኝም የጠላኝም አልነበረም። ጨርሶ አላየኝም።

ጠበቃው ክሱ መሻሻል አለበት አለ። ማመልከቻውን አወጣና የተጨማሪው ተከሳሽ ስም የሚገባበትን ክፍት ቦታ ለልብስ ሰፊው አሳየው። ልብስ ሰፊው ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያየሁት። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ደርቀዋል፤ አውራ ጣቱ ላይ የመርፌ ጠባሳው አሁንም አለ። እስክሪብቶውን በግራው አነሳ፣ ሞከረ፣ መልሶ አስቀመጠው። ጠበቃው ሊጽፍለት እጁን ሲዘረጋ ልብስ ሰፊው ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው።

«ስምዎን አላውቀውም» አለኝ። «እኔም መጻፍ አልችልም። እርስዎ ይጻፉልኝ።»

ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጻፍኩ። አጠገቡ ባለችው ሳጥን ፈረምኩ፤ ሰዓቴን አላየሁም። ወረቀቱን መለስኩለት። ልብስ ሰፊው በግራ እጁ ወደ ራሱ ስቦ ስሜን ቀስ ብሎ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን አየ፤ በዚህ ጊዜ ከኋላዬ ያለውን በር አላየም።